ቶርስዳግን የገዛሁበት እሑድ

በሕይወቴ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ኖርዌይ ውስጥ፣ አመሩድ በሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሁለት ክፍል ቤቴም ብትሆን እስክሞት ድረስ የባንክ ናት። ፈረስ ግን ነበረኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ፣ ወረቀቱ በስሜ የተጻፈ፣ አንገቴ ላይ የሚያስነጥስ እውነተኛ ፈረስ። ከሳቃችሁ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብዬ ነበር፤ መከራው የመጣውም ከዚያ ፈገግታ ነው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሃምሳን አልፌያለሁ። ቀን ቀን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ፣ ማታ አነባለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጽፋለሁ። የምጽፈው እንዲህ ነው፦ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር እፈልግና አልስማማም። ሰው ሠርግ ሲወድ ሠርግን ሰደብኩ። ሰው በናፍቆት ሲያለቅስ ናፍቆት የስንፍና ታናሽ ወንድም ነው ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ዘዴ ብዙ አንባቢና በጣም ጥቂት ወዳጅ አፍርቻለሁ። መጣጥፎቼን መጽሐፍ አድርጌ ለማሳተምም ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜ ነበር።

ከዚያ እሑድ በፊት የጻፍኩት የመጨረሻው መጣጥፍ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጨረታ ነበር። ታውቁታላችሁ። በዓሉ ሲያልቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጃንጥላ ይወጣል። አንዱ አምስት መቶ ክሮነር ይላል፣ ሌላው ሺህ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ያሸነፈው ጃንጥላውን ይቀበልና፣ ይሳለምና፣ «ለቤተ ክርስቲያኔ መልሼዋለሁ» ይላል። ያው ጃንጥላ እንደገና ለጨረታ ይወጣል። በአንድ ቀን አራት ጊዜ የተሸጠ ጃንጥላ በዓይኔ አይቻለሁ። ዋጋ መጥራት ማክበር ነው፤ አንድ ነገር ወጥቶ ሰው ዝም ካለ ግን ያወጣው ሰው ተዋረደ ማለት ነው። እኔ ይህን «ጭብጨባን በጅምላ መግዛት» ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ግሮንላንድ በሚባለው የስደተኞች ገበያ ሰፈር ጤፍ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ ፊቱን ወደ ሚዛኑ አዙሮ ያስተናግደኝ ጀመር።

ያልተቀየሙኝ አቦይ ተኽለ ብቻ ናቸው። እሳቸው አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የአስመራ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ብዙ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ካቶሊክ ናቸው፣ ፈረስ ላይ ይወራረዳሉ፤ ሁለቱ አይጋጭም ይላሉ።

«የምትጽፈውን አላነብም» አሉኝ ሊፍት ውስጥ። «ስለዚህ አልጣላህም። እሑድ ምን ትሠራለህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ና ፈረስ እንይ። ፈረስ ጋዜጣ አያነብም፤ አይቀየምህም።»

እንዲህ ሆኖ ነው በጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናብ እየወረደ፣ አንድ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ዳር ቆሜ የተገኘሁት። ፈረሶቹ ሲወጡ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እያንዳንዱ ከኋላው ባለሁለት ጎማ መቀመጫ ይጎትታል፤ መቀመጫው ላይ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አቦይ ተኽለ፣ ይሄ ጋሪ ነው።»

«ጋሪ አይደለም።»

«ሁለት ጎማ፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ ሰው። ቢሾፍቱ ሳለሁ ከገበያ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ የምሄድበት ነው።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል።»

«አማርኛ የሚሰማው ማነው? ፈረሱ?»

ሕጉን ነገሩኝ። ፈረሶቹ በሶምሶማ ብቻ ነው የሚሄዱት። ከመካከላቸው አንዱ ሙቀት ይዞት መጋለብ ከጀመረና ቶሎ ካልተመለሰ ይሰረዛል። ፈጥነህ ድረስ፣ ግን አትሩጥ ማለት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሥራ ፈልጎ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ሕግ አይደለም።

አራተኛው ውድድር ላይ አቦይ ተኽለ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። «ይሄኛው ለየት ይላል። ያሸነፈው ፈረስ ይሸጣል። ወዲያው፣ እዚያ ክብ አጥር ውስጥ፣ በጨረታ።»

«ለምን?»

«ጎበዝ ፈረስ ያለው ሰው እንዳይገባበት ነዋ። ፈረስህ ውድ ከሆነ በሃያ ሺህ ክሮነር መነሻ ጨረታ ላይ አታቆመውም። ስለዚህ ያረጁትና ደካሞቹ እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ።»

ግማሹን ነው የነገሩኝ። ሌላውን ግማሽ አልነገሩኝም፤ ለምን እንዳልነገሩኝ ትሰማላችሁ።

ስድስት ፈረሶች ነበሩ። አቦይ ተኽለ የተወራረዱበት ቶርስዳግ ይባላል፤ ሐሙስ ማለት ነው። ለምን ሐሙስ እንደተባለ የሚያውቅ የለም። ዕድሜው አሥራ ሁለት፣ ቀለሙ ዝናብ የመታው ጣውላ፣ ከንፈሩ የተንጠለጠለ። ነጂው ፊቷን በመነጽርና በጭቃ የሸፈነች ሴት ናት። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሦስተኛ ነበሩ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ተፎካክረው መጋለብ ጀመሩ፤ ነጂዎቻቸው ልጓም ሲስቡ ቶርስዳግ ቢሮ እንደሚገባ ሰው በዚያው እርምጃው አለፋቸው። ሴትዮዋ ከመስመሩ በኋላ መነጽሯን ስታወልቅ ሰባ ዓመት ያለፋት አሮጊት ሆና አገኘኋት። ጥርሶቿ ሁሉ ጭቃ ነበሩ፤ ምክንያቱም እየሳቀች ነበር።

«አላልኩህም!» አቦይ ተኽለ ትኬታቸውን አውለበለቡ። «ጉንቮር ናት፣ ፖስታ ታድል የነበረች። እኔ ገንዘቤን ልቀበል፣ ቋሊማም ይዤ እመጣለሁ። አንተ ሂድና ጨረታውን እይ፤ ደቂቃም አይፈጅም።»

ሄድኩ። ሠላሳ የሚያህል ሰው በክቡ አጥር ዙሪያ ቆሟል። መሃል ላይ ጉንቮር የቶርስዳግን ገመድ ይዛለች። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ አጫራች ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

«ቶርስዳግ። መነሻ ሃያ ሺህ። ከዚያ በላይ የሚል?»

ጸጥታ።

«ከሃያ በላይ?»

ሠላሳውም ሰው ጫማውን ያያል። አንዱ ሳል መጣበትና ዋጠው። ጉንቮር ደግሞ ፈረሱን ወደ መውጫው ማዞር ጀምራለች፤ ነገሩ ያለቀላት ይመስል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ደሜ ፈላ። ይህች ሴት በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ሽማግሌ ፈረስ ወጣቶችን አሸንፋ፣ አንድ ሰው እንኳ ዋጋ አይጠራላትም? የሽንብራ ቂጣ እንኳ አዳራሽ ውስጥ ወጥቶ እንዲህ አይዋረድም! አጫራቹ መዶሻውን አነሳ።

«ሃያ አንድ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር።

ሠላሳ ራስ ወደ እኔ ዞረ። ጉንቮርም ቆመች። አየችኝ።

«ሃያ ሁለት» አለች።

የራሷን ፈረስ! ወይ ጉድ፣ ጨዋታው የገባት ሴት ናት አልኩ በልቤ። እኛም አዳራሽ ውስጥ ዕቃውን ያወጣው ሰው ራሱ ጨመር አድርጎ ያሟሙቀዋል። ይህን አጋጣሚ ሳላጣጥም ላልፍ አልፈለግሁም።

«ሃያ አምስት!»

«ሃያ ስድስት።»

«ሠላሳ!»

ከሰዉ ጉርምርምታ ተነሳ። አድናቆት መሰለኝ። አንድ ወፍራም ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ያዘ፤ ይህም አክብሮት መሰለኝ። ጉንቮር ስትገረጣ አየሁ፤ ልቧ ተነክቶ ነው አልኩ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ አልደብቅም፦ እጨምራለሁ፣ አሸንፋለሁ፣ ከዚያ በሕዝብ ፊት ገመዱን ለእሷ መልሼ እሰጣለሁ። ጃንጥላ የሚመልሰውን ሰው በጽሑፍ የቀጠቀጥኩት እኔ፣ ቃሉን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

«አርባ» አለች ጉንቮር። ድምፅዋ ለመሰማት ያስቸግር ነበር።

«አርባ አንድ!»

አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ፈረሱን አየችው። ራሷን ነቀነቀች።

መዶሻው ወረደ። ጭብጨባ ጠበቅሁ። የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር።

አጥሩን አልፌ ገባሁ፣ ፊቷ ቆምኩ፣ ደረቴን ነፋሁ። ኖርዌይኛ አንቱታ ስለሌለው ሰባ ያለፋትን ሴት አንቺ ማለት ግድ ነው። «ፈረስሽን መልሼልሻለሁ። ስጦታ ነው።»

«ምን?»

«አዎ፣ ያንቺ ነው። ውሰጂው።»

«ከአምስት ደቂቃ በፊትም የኔ ነበር» አለች። ገመዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈችልኝ፤ ልጅን እንደሚያስይዙ። «ከማላውቀው ሰው ስጦታ አልቀበልም።» ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም። ቶርስዳግ ግን አያት።

ወዲያው አንዲት ሴት የካርድ ማንበቢያና ወረቀት ይዛ መጣች። ከፈልኩ፤ የመጽሐፌ ግማሽ ቲት ብሎ ሄደ። ፈርም የተባልኩበት ፈረምኩ። «በሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለችኝ። «ፈረስህን ከዚያ በፊት ማውጣት አለብህ። ማጓጓዣው የታለ?»

«በሜትሮ ባቡር ነው የመጣሁት» አልኳት።

አቦይ ተኽለ በሁለት እጃቸው ሁለት ቋሊማ ይዘው ብቅ አሉ። ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈረስ።»

«ፈረስነቱንማ አያለሁ። ገመዱ አንተ እጅ ላይ ምን ይሠራል?»

«ገዛሁት።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዱን ቋሊማ በሉ። ከዚያ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ የእኔንም በሉ።

«ያሸነፈ ፈረስ ይሸጣል ብለውኛል እኮ!» አልኩ።

«ብዬሃለሁ። ግን ማንም አይገዛም!»

«ይህን አላሉኝም!»

«ይነገራል እንዴ? ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው 'አትዝፈን' ተብሎ ይነገረዋል?»

ሌላውን ግማሽ ያን ጊዜ ሰማሁ። ከሃያ ሺው በላይ የሚጠራው ዋጋ ለጉንቮር አይደርሳትም፤ ለሜዳው ነው የሚገባው። በአርባ አሸንፋኝ ቢሆን ኖሮ የገዛ ፈረሷን ይዛ ለመሄድ ሃያ ሺህ ክሮነር ትከፍል ነበር፤ ያ ገንዘብ ደግሞ የላትም። ቶርስዳግ ሌላ ውድድር ላይ አያሸንፍም፤ በዓመት አንድ ሁለቴ እዚህ አሸንፎ ሽልማቱ ለሣሩና ለብረት ጫማው ይሆናል። ሜዳውን የሚያዘወትር ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሃያ ሺህ ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል።

«ያ ዝምታ» አሉ አቦይ ተኽለ፣ አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «ሠላሳ ሰው አንድ ላይ የሰጣት ስጦታ ነበር። አንተ ደግሞ ጮህክበት።»

ቶርስዳግ አንገቴ ላይ አስነጠሰ።

«አሁን ምን ልታደርገው ነው? አመሩድ ትወስደዋለህ? ሊፍቱ ስንት ሰው ነው የሚይዘው?»

«አቦይ ተኽለ፣ እባክዎ።»

«ድመት ለማሳደግ ማመልከቻ የሚጠይቅ የሕንፃ ቦርድ ነው ያለን። 'እንስሳው ትንሽ ከፍ ይላል' ብለህ ጻፍ።» ሰዓታቸውን አዩ። «አሥር ተኩል ሆኗል። ተነስ። እኔ ልናገር፤ አንተ ዛሬ በቂ ተናግረሃል።»

ፈረሱን መርቼ ወሰድኩት ብል ውሸት ነው። ቶርስዳግ የቤቱን የፈረስ መጫኛ ተጎታች ከሩቅ አውቆት ሄደ፤ እኔ ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ ጭቃ እየረገጥኩ ተከተልኩ። ጉንቮር መኪናዋ ውስጥ መሪው ኋላ ተቀምጣለች። ሞተሩ አልተነሳም። አቦይ ተኽለ ባርኔጣቸውን አውልቀው መስኮቱን ቆረቆሩ። መስኮቱ ወረደ።

«ጉንቮር፣ ይህ ጎረቤቴ ነው። የተማረ ሰው ነው፤ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል።»

«ስጦታ አልቀበልም አልኩ።»

«ስጦታ አይደለም፣ ካሳ ነው!» አልኩ ከኋላ።

«ካሳ ጠየቅሁህ?»

«እሺ ግዢው! በአንድ ክሮነር!»

በሩ ተከፈተ። ወጣች። ቁመቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር። «ይህ ፈረስ የሚያወጣው አንድ ክሮነር ነው?»

አቦይ ተኽለ በአማርኛ «ጎሽ» አሉኝ፣ «አሁን ደግሞ ፈረሱን ሰደብክባት።» ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ፌርማታ በሚናገሩበት ቀርፋፋ ኖርዌይኛ ዞሩ። «ጉንቮር፣ ስጦታውን እንርሳው። አንድ ሰው የሚሸጥ ፈረስ አለው፤ ማስቀመጫ የለውም፤ በሩ ሊዘጋ ነው። አንቺ ስንት ትከፍያለሽ?»

አሰበች። ነገሩ ገበያ መሆኑ ገባት፤ ገበያ ውስጥ ውለታ የለም። «ሠላሳ።»

«አምስት!» አልኩ።

«ሠላሳ ነው ያልኩት።»

«ሠላሳ የለሽም! ሰባት!»

«የሌለኝን ማን ነገረህ? ሃያ ስምንት።»

«አሥር! ከዚያ አልወጣም!»

ግሮንላንድ ውስጥ ለሃያ ዓመት በቲማቲም ዋጋ ተከራክሬያለሁ፤ ለመክሰር እንዲህ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራክሬ ግን አላውቅም። በአጠገባችን የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩን ጀመር። የበሩ ዘበኛ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ብቅ አለ። አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

ጉንቮር ድንገት እጇን አነሳች። «ሜዳው ለቶርስዳግ ሃያ ሺህ ሰጥቶኛል። እሱን እሰጥሃለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ሃያ አንድ ሺህ የአንተ ነው፤ ያን ስህተት እኔ አልሠራሁም፣ አልካፈልህም። ከዚያ በታች ያለውም የአንተ ደግነት ነው፤ እሱንም አልካፈልህም።»

አቦይ ተኽለን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሁን» አልኩ።

ስልኳን አውጥታ እዚያው ዝናቡ ውስጥ አስተላለፈች። ገመዱን ልሰጣት እጄን ስዘረጋ አልተቀበለችም።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች። «ፈረስ ሰጠኸኝ። ካሳ ሰጠኸኝ። ዋጋ ቀነስክልኝ። ይቅርታ ግን አላልክም።»

እውነቷን ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ቃሉ ከአፌ አልወጣም ነበር።

«ይቅርታ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ይሄኛው በነፃ ነበር።» ገመዱን ወሰደች፤ ቶርስዳግ ማንም ሳይጎትተው ተጎታቹ ላይ ወጣ። በሩ ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ወጡ።

ያ ቀን ምን እንደለወጠብኝ ትጠይቁኝ ይሆናል። መጽሐፌ አልታተመም፤ ይህ ለእናንተ ጉዳት መሆኑን እጠራጠራለሁ። የጃንጥላውን መጣጥፍ ግን አልሰረዝኩትም፤ ኩሩ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። አሁንም ጭብጨባ እንደሚገዛ አምናለሁ። የሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቃል፤ ጃንጥላውም ባለቤቱም የሚጎዱበት ነገር የለም። የሰው ግብዣ ላይ ተጠርቶ የሚዘፍንና የሰው ለቅሶ ላይ የሚዘፍን አንድ አይደሉም። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። ሃያ ዓመት የኖርኩበትን አገር ዝምታ እንደ ባዶ ነገር ቆጥሬው ኖሬያለሁ፤ ሰዎቹ የሚሉት ስላጡ ዝም ያሉ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ ሥራ ቦታ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ሐኪም ፊት ስንቱን የሰጡኝን ነገር ሳላይ አልፌ ይሆን? ደግ ሰው ስትሆኑ ደግሞ ማንም አያስቆማችሁም፤ ክፉ ብሆን ኖሮ ከሠላሳው ሰው አንዱ እጄን ይይዘኝ ነበር። ስለዚህ አሁን ደግነት ሲመጣብኝ አፌን ይዤ አጠገቤ ያለውን ሰው «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አቦይ ተኽለ ይህን እንደ እርጅና ምልክት ያዩታል።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በሚያዝያ ጉንቮርን ለመጠየቅ ከአቦይ ተኽለ ጋር በባቡር ወደ መንደሯ ሄድን። ሻይ ሰጠችን፤ ወደ ኋላው መስክ ወሰደችን። ቶርስዳግ ወፍሯል።

«ቀጣዩ ውድድሩ መቼ ነው?» አልኳት።

«አይወዳደርም።»

«ለምን?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። ያን ቀን የተጠራው ዋጋ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ አርባ አንድ ሺህ። አሁን ከሩቅ የመጡ ገዢዎች ስሙን እያነሱ ነው። ሽያጭ ላይ ካቆመችው ይገዙታል፤ ጫማቸውን የሚያዩት ሠላሳ ሰዎች ሊከለክሏቸው አይችሉም። ሽያጭ የሌለበት ውድድር ላይ ደግሞ ፈጣኖቹን አይደርስባቸውም።

ከአጥሩ ማዶ ቶርስዳግ ሣሩን ትቶ ሄዶ ተጎታቹ አጠገብ ቆመ። «እሑድ እሑድ እንዲህ ያደርጋል» አለች።

የሚያጽናና ነገር መናገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ። «አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው እኮ፤ ጡረታ ነው። ማረፉ ጥሩ አይደለም?»

ጉንቮር እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ጠየቅከው?» አለች።

አቦይ ተኽለ ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። ቶርስዳግ አፍንጫውን ከተጎታቹ በር ላይ አላነሳም።